ከባሌስትራ የተሠራ ሰንጢ በቤተ ሙከራ

ብርቱካን ለመላጥ፣ እርሳስ ለመቅረጽ፣ የጆንያ አፍ የተሰፋበትን ሲባጎ ለመበጠስ፣ ሸንኮራ ለመቁረጥ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ለመግፈፍ የሰው ልጅ ከጥርሱና ከጥፍሩ የተሻለ መሣሪያ ይዞ መሄድ ከጀመረ ብዙ ዘመን ተቆጥሯል። በኦስትሪያ ሃልሽታት በተባለው ጥንታዊ የጨው ማዕድን ሥፍራ የተገኘ ባለ አጥንት እጀታ ታጣፊ ቢላዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት ገደማ እንደተሠራ ይገመታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስለቱ ተጣጥፎ በራሱ እጀታ ውስጥ ይደበቃል፤ እጀታው ደግሞ ሰገባም ይሆናል። እኛ ሰንጢ የምንለው ይህንኑ ነው።

ነገሩ ወደ ዝግጅት ክፍላችን የመጣው በክርክር ነው። ከፋኩልቲያችን ተማሪዎች አንዱ መርካቶ ውስጥ በእጅ የተሠራ ሰንጢ ገዝቶ መጣና «ከውጭ ከሚገባው ሁሉ ይበልጣል» አለ። ሌላው ከት ብሎ ሳቀ፤ «የመኪና ቁርጥራጭ ብረት መሆኑን ረስተህ ነው?» ሲል መለሰ። ሁለቱም የተናገሩት ሳይለኩ ነበር። ስለዚህ ሰንጢውን ተቀብለን ሠሪውን ፈልገን አገኘን፤ ለ3 ሳምንታትም በየተራ በኪሳችን ይዘን፣ በሥራ ላይ አውለን፣ በቤተ ሙከራም መረመርነው።

አንባቢያን እንዲያውቁልን የምንፈልገው ነገር አለ። ስለት ይዞ ወደ ትምህርት ግቢ መግባት በአብዛኛው ቦታ የተከለከለ ነው፤ ክልከላውም ምክንያት አለው። እኛ ሙከራውን ያካሄድነው የፈቃድ ደብዳቤ አጽፈን ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ቀን የበሩ ጥበቃ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ ካነበቡ በኋላ «የምርምር መሣሪያ» የሚለውን ቃል በጣታቸው እያሳዩ ለረዥም ጊዜ አይተውናል።

እሳቱ ዘንድ

ሰንጢውን የሠሩት ባለሙያ በመርካቶ ምናለሽ ተራ፣ ያረጀ ብረት ዳግም ዕቃ በሚሆንበት ሰፈር፣ ዕድሜያቸውን በመዶሻ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ እኛም ጋሼ እያልን ስንጠራቸው ሰነበትን። መስፋቸው የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ነው። የጥንቱ ወናፍ ቦታውን ለትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ለቅቋል፤ ጉጠቱ፣ ሞረዱና ሞርሳው ግን አባታቸው ከሚሠሩበት ብዙም እንደማይለይ ነግረውናል።

ጥሬ ዕቃቸው የጭነት መኪና ባሌስትራ ነው። ይህ ምርጫ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ባሌስትራ የሚሠራበት አረብ ብረት በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 0.65 በመቶ የሚሆን ካርቦን ይዟል፤ በተጨማሪም እንደ ዓይነቱ ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ሲሊኮን ይገባበታል። የግንባታ ምስማርና ላሜራ ግን የካርቦን መጠናቸው ከ0.25 በመቶ በታች ነው። አኃዙ ትንሽ ቢመስልም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስለት ሊወጣው በሚችል ብረትና በማይችል ብረት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ምክንያቱ በአተሞቹ አደራደር ውስጥ ይገኛል። ብረት በቀዝቃዛነቱ ወራት አተሞቹ በኩብ ቅርጽ ተደርድረው፣ በእያንዳንዱ ኩብ መካከል አንድ ተጨማሪ አተም ይቀመጣል። ንጹሕ ብረት ከ912 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል አደራደሩ ይለወጥና ተጨማሪዎቹ አተሞች ከኩቡ መካከል ወጥተው በየገጹ መሐል ይሰፍራሉ። ካርቦን ሲኖርበት ለውጡ ከ727 ዲግሪ ጀምሮ ይታያል። ሁለተኛው አደራደር ካርቦንን በቀላሉ ያስተናግዳል፤ የመጀመሪያው ግን ቦታ የለውም። ብረቱ በዝግታ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ወጥቶ ለብቻው ይከማቻል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን መውጫ ያጣና በውስጡ እንደ ሽብልቅ ተቀርቅሮ ይቀራል። እንዲህ የተጨናነቀው አደራደር ማርተንሳይት ይባላል፤ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1850 እስከ 1914 ከኖረው ጀርመናዊው የብረታ ብረት ተመራማሪ አዶልፍ ማርተንስ ነው። ማርተንሳይት እጅግ ጠጣር ነው፤ ሆኖም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ነው።

ጋሼ ይህን ቃል ሰምተው አያውቁም። የሚያውቁት ቀለም ነው። እሳታቸው ያለበት ጥግ በቆርቆሮ ተጋርዶ ጨለም ያለ ነው፤ ለምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው «ብረት ፀሐይ ላይ ይዋሻል» አሉን። በብርሃን ውስጥ የጋለ ብረት ቀለሙ ደብዝዞ ስለሚታይ ዓይን ብረቱ ገና አልጋለም ብሎ ይሳሳታል፤ ከመጠን በላይም ያግላል። እኛ ደግሞ በበኩላችን ማግኔት ይዘን ሄደን ነበር። ብረት በ770 ዲግሪ ገደማ በማግኔት የመሳብ ጠባዩን ያጣል። ጋሼ ስለቱን በጉጠት አውጥተው ማግኔቱን ሲያስነኩልን ይስበው ነበር፤ ወደ እሳቱ መልሰው እንደገና ሲያወጡት ማግኔቱ ዝም አለ። እሳቸው ማግኔቱን ገፋ አድርገው ስለቱን ለጥቂት ጊዜ ወደ ፍሙ መለሱት፤ ቀለሙ ትንሽ ሲፈካ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ውስጥ ነከሩት። ለእንዲህ ዓይነቱ ብረት የሚያስፈልገው ሙቀት ማግኔቱ ዝም ካለበት ጥቂት ከፍ ያለ ነውና ትክክል ነበሩ።

ውሃስ ለምን አይሆንም? «ለዶማ ይሆናል፤ ሰንጢ ግን ውሃ ውስጥ ይጮኻል» ነበር መልሳቸው። ጩኸት የሚሉት ብረቱ ሲሰነጠቅ የሚሰማውን ስል ድምፅ ነው። ውሃ ሙቀትን ከዘይት ይልቅ በጣም ፈጥኖ ይወስዳል። የቀጭኑ ጠርዝና የወፍራሙ ጀርባ የመቀዝቀዝ ፍጥነት ሲለያይ በመካከላቸው የሚፈጠረው ውጥረት ስለቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። በባሌስትራው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ወይም ማንጋኒዝ ደግሞ ለውጡን ስለሚያዘገየው በዘይት መቀዝቀዙ በቂ ነው።

ከዚያ የሚከተለው ሥራ ከሁሉም ይበልጥ ዓይናችንን የሳበ ነበር። ከዘይት የወጣው ጥቁር ስለት በድንጋይ ተፈትጎ እንዲያበራ ተደረገ። ጋሼ አንድ ወፍራም የብረት ቁራጭ አግለው የስለቱን ጀርባ በላዩ አስደገፉት፤ ጠርዙ ወደ ላይ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ከጀርባው በኩል ቀለም መውጣት ጀመረ። በመጀመሪያ እንደ ገለባ ያለ ብጫ ታየ፤ እሱ ወደ ጠርዙ ሲገሰግስ ከኋላው ቡናማ፣ ቀጥሎም ወይን ጠጅ፣ በመጨረሻም ሰማያዊ ተከተለው። ገለባው ቀለም ጠርዙ ላይ እንደደረሰ ስለቱን ነከሩት። ጀርባው ሰማያዊ፣ ጠርዙ ብጫ ሆኖ ቀረ።

እነዚህ ቀለማት በብረቱ ላይ የተቀባ ነገር ውጤት አይደሉም። ብረቱ ሲሞቅ በላዩ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ሽፋን ይሠራል። ከሽፋኑ የላይኛው ገጽና ከታችኛው ገጽ የሚንፀባረቁት የብርሃን ሞገዶች ሲገናኙ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋል፤ ሌላው ይጎላል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ የፈሰሰ ዘይት ኅብረ ቀለማት የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፋኑ በወፈረ ቁጥር ቀለሙ ይለወጣል፤ ውፍረቱ ደግሞ በሙቀቱና በቆይታው ላይ የተመሠረተ ነው። ገለባው ከ220 እስከ 230 ዲግሪ፣ ሰማያዊው በ300 ዲግሪ አካባቢ ይታያል። በመሆኑም ጠርዙ ጠጣርነቱን እንደያዘ ከመሰባበር ዳነ፤ ጀርባው ደግሞ ለዘብ ብሎ ጫና ቻይ ሆነ። ይዘነው የሄድነው የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር በዚህ ጊዜ የሚያነበው ቁጥር የሚያሳፍር ነበር። የሚያበራ ብረት ጨረር የመልቀቅ ችሎታው አነስተኛ ስለሆነ መሣሪያው ከእውነተኛው ሙቀት እጅግ ዝቅ ያለ አኃዝ ይሰጣል። በዚያ ሰዓት ከኛ መሣሪያ ይልቅ የጋሼ ዓይን የተሻለ መለኪያ ነበር።

ወደ ቤተ ሙከራ የወሰድነው ሰንጢውን ብቻ አልነበረም፤ ጋሼ ከዚያው ባሌስትራ ቆርጠው፣ በዚያው እሳትና ዘይት አሳልፈው፣ እስከ ገለባ ቀለም ያሞቁትን አንድ ቁራጭም ነበር። የሮክዌል መለኪያ በአልማዝ ሾጣጣ ብረቱን በ150 ኪሎ ግራም ክብደት ይጫንና የገባበትን ጥልቀት ወደ ቁጥር ይለውጣል። ቁራጩ ሦስት ጊዜ ተለክቶ 57፣ 58 እና 57 አስመዘገበ። ለማነጻጸሪያ ከገበያ የገዛነው፣ በፋብሪካ የተሠራ ርካሽ ሰንጢ 50 ላይ ቆመ። የሳቀው ተማሪ ቁጥሮቹን ራሱ ነበር የመዘገባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንጠቅስ ማለፍ አይቻለንም። ይህን ዕውቀት ለዘመናት ይዘው የኖሩት ቀጥቃጮች በአገራችን በቡዳነት ሲታሙና ሲገለሉ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ጋሼ ስማቸው እንዲጻፍ ለምን እንዳልፈለጉ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ስለቱ

ሰንጢው ሲከፈት ርዝመቱ 19 ሴንቲ ሜትር፣ ስለቱ 8 ሴንቲ ሜትር፣ የስለቱ ጀርባ ውፍረት 3 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 112 ግራም ነው። ጠርዙ ከሁለቱም ወገን በ20 ዲግሪ ገደማ የተሳለ ነው። ከዚህ ቢቀጥን ይበልጥ ይቆርጣል፤ ነገር ግን ቶሎ ይጎዳል።

ስል የምንለው ጠርዝ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የጫፉ ውፍረት ከማይክሮ ሜትር ያነሰ ነው፤ የራስ ጸጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር እንደሚደርስ ማስታወስ ይጠቅማል። ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም የሚያርፍበት ስፋት እጅግ ጠባብ ስለሆነ ግፊቱ ከፍተኛ ይሆናል። ግን ግፊት ብቻውን ጉዳዩን አያስረዳም። አንባቢያን ይህን በቤታቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። ቲማቲም በወጥ ቤት ሚዛን ላይ ያስቀምጡና ቢላዋውን ሳይጎትቱ ወደ ታች ብቻ ይጫኑት፤ ቅርፊቱ እስኪበጠስ ድረስ ሚዛኑ የሚያሳየውን ይመዝግቡ። ከዚያ በሌላ ቲማቲም ላይ እየጎተቱ ይቁረጡ። በእኛ ሙከራ በመጫን ብቻ 900 ግራም ያህል ያስፈለገው ቅርፊት፣ በመጎተት ሲሆን በ150 ግራም ተቆረጠ። መጎተት ቅርፊቱን ወደ ጎን ይሸረክተዋል፤ እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ደግሞ መጫንን በመጨማደድ ሲያሳልፈው ሽርከታን ግን አይቋቋምም። ሥጋ ቆራጮች ቢላዋቸውን ረዥም አድርገው የሚስቡት ለዚህ ነው።

ስለቱ ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቃጫ ገመድ በእንጨት ላይ እያደረግን ቆረጥን፤ በየ5ቱ ቁርጠት የጋዜጣ ወረቀት እየቆረጥን ፈተሽነው። ወረቀቱን መቅደድ ሲጀምር ስለቱ ዶለዶመ ብለን ወሰንን። የፋብሪካው ሰንጢ 45 ጊዜ ቆርጦ ሲደክም የጋሼ ሰንጢ 120 ደረሰ። ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ስናየው ጠርዙ አልተሸረፈም፤ በአንዳንድ ቦታ ወደ ጎን ተጠማዞ ነበር። በእርጥብ የመሳያ ድንጋይ ጥቂት ደቂቃ ሠርተንበት ተመለሰ።

ቃጫን የሚያህል ለስላሳ ነገር አረብ ብረትን የሚያዶለድመው እንዴት ነው? ለብዙ ጊዜ መልሱ በዝግታ መበላት ብቻ እንደሆነ ይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚገኙ ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ጢም መላጫ ምላጭ ከጸጉር 50 ጊዜ ያህል ይጠጥራል፤ ሆኖም ጸጉሩ ሲቆረጥ ጎንበስ ብሎ ምላጩን በማዕዘን ሲያገኘው፣ የብረቱም ውስጣዊ አሠራር በዚያ ነጥብ ላይ ወጥ ካልሆነ፣ ጠርዙ ይሸረፋል። ወጥ የሆነ ውስጣዊ አሠራር የሚገኘው ደግሞ በሙቀት አያያዝ ነው። የጋሼ ጨለማ ጥግ ከዚህ ጋር ምን እንደሚያገናኘው አንባቢ አያጣውም።

ሎሚና ቀንድ

ባሌስትራ የማይዝግ ብረት አይደለም። ሎሚ ቆርጠን ሳናጥበው ያሳደርነው ስለት ጠዋት ላይ ግራጫ ሆኖ፣ እዚህም እዚያም የዝገት ነጥቦች ይዞ ተገኘ። ሎሚ ቆርጠን ወዲያው አጥበን ያደረቅነው ግን ሰማያዊ ቅላፄ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ አበጀ፤ ይህ ሽፋን እየቆየ ሲሄድ ብረቱን ከዝገት በመጠኑ ይከላከላል። ያልበሰለ ሙዝ የላጥንበት ጊዜ ስለቱም ሙዙም ጠቆሩ። በሙዙ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረቱ ጋር ተዋህዶ ጥቁር ቀለም ስለሚሠራ ነው፤ የአውሮፓ ጸሐፍት ለዘመናት የተጠቀሙበት ቀለም በዚሁ ኬሚስትሪ የሚሠራ ነበር። ጉዳት የለውም፤ የሙዙ መልክ ግን አያስደስትም።

የእጀታው ልባስ የበሬ ቀንድ ነው። ቀንድ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ነው፤ ውሃ ይመጣል፤ ያብጣልም። አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ያደረው ሰንጢ ጠዋት ስለቱ ወደ ጎን ተጣብቆ በግድ ተከፈተ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሲደርቅ ግን ወደ ቀድሞው ሁኔታው ተመለሰ። ሰንጢን ዘፍዝፎ ማጠብ እንደማይገባ በዚሁ ተረዳን።

አራተኛው ቀን

እስካሁን አንድ ነገር አቆይተናል። ሙከራው በተጀመረ በአራተኛው ቀን ከመካከላችን አንዱ በአሮጌ ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ ለማበጀት የስለቱን ጫፍ በቆዳው ላይ አቁሞ እጀታውን እያዞረ ይጫን ነበር። ስለቱ ድንገት ታጠፈ፤ ጠርዙም በአመልካች ጣቱ ላይ አረፈ። ቁስሉ 4 ስፌት አስፈለገው። የጣቱ ጅማት አለመነካቱን ሐኪሙ ሲነግረን ሁላችንም ዝም አልን። የዚያን ቀን ጠዋት ስለቱን በጣም ስላደነቅነው ሌላ እናሹለው ብለን ተጨማሪ ግማሽ ሰዓት በድንጋይ ስለነው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄያችን ተለወጠ። የሰንጢው መታጠፊያ እንዲህ የተሠራ ነው፦ ስለቱ በአንድ ምስማር ዙሪያ ይዞራል፤ በእጀታው ጀርባ በኩል ያለ ሞላ የስለቱን ግርጌ ይጫነዋል። ስለቱ ሲከፈት የግርጌው ጠፍጣፋ ክፍል ከሞላው ጋር ይገጥምና ባለበት ይቆያል። ይህ ቁልፍ አይደለም፤ ወዳጃዊ ማግባባት ነው ቢባል ይቀላል። በቂ ኃይል ካገኘ ስለቱ ይታጠፋል።

ያ በቂ ኃይል ስንት ነው? እጀታውን በሞርሳ አጋደምነው፤ ጠርዙ ወደ መሬት ሆነ። ከመታጠፊያው 7 ሴንቲ ሜትር ርቆ የውሃ ጠርሙስ አንጠለጠልንና ቀስ በቀስ ውሃ ጨመርን። ስለቱ 0.9 ኪሎ ግራም ላይ ታጠፈ። ይህን በርቀቱ ስናባዛው 0.62 ኒውተን ሜትር ይሆናል። አሁን ቀበቶውን እናስታውስ። ጣቱ የተቆረጠው ባልደረባችን በ5 ኪሎ ግራም ጉልበት ተጭኖ ቢሆን፣ የጉልበቱ መስመር ከመታጠፊያው በ2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢርቅ፣ በስለቱ ላይ የሚያርፈው ወደ 0.98 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ መታጠፉ አስገራሚ አልነበረም፤ የሚያስገርመው እስከዚያን ቀን አለመታጠፉ ነው።

ከዚያ የባሰም ተገኘ። ሰንጢውን 500 ጊዜ ከፍተን ዘጋነው፤ በቀን 5 ጊዜ ለሚከፍት ሰው ይህ የ100 ቀን ሥራ ነው። ሥራው አሰልቺ በመሆኑ በየ50ው ተቀባበልን። ጠርሙሱን መልሰን ስናንጠለጥል ስለቱ በ0.55 ኪሎ ግራም ታጠፈ፤ ወደ ጎንም መወዛወዝ ጀምሮ ነበር። ስንፈታው ምክንያቱ ግልጽ ሆነ። የሚዞርበት ምስማር ከተራ የግንባታ ምስማር የተቆረጠ ነው። ቀዳዳው ከምስማሩ 0.3 ሚሊ ሜትር ያህል ሰፍቶ የተበሳ ሲሆን፣ ምስማሩ በጠንካራው ስለት ተበልቶ መሐሉ ቀጥኗል። የስለቱ ግርጌ ከመታጠፊያው የሚርቀው 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ጠርሙሱ ያለው ግን 70 ሚሊ ሜትር ላይ ነው። ማንሻው ኃይሉን 14 ጊዜ ያበዛዋል። 0.9 ኪሎ ግራም በስለቱ ላይ ሲንጠለጠል በግርጌው የሚያርፈው 12.6 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የሰንጢው ለስላሳ ብረት፣ ማለትም ያ ምስማር ነበር።

ምስማሩ

የተበላውን ምስማር በወረቀት ጠቅልለን ወደ ምናለሽ ተራ ተመለስን። የመጣንበትን ነገር ለመናገር ከብዶን ነበር፤ ጋሼ ግን ፋሻውን አስቀድመው አይተውታል። ምስማሩን በጣታቸው መሐል አሽከርክረው «አውቃለሁ» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ ሲሉ ነገሩን፦ «የሚገዛው ሰው ስለቱን በጥፍሩ ይሞክራል፤ የክንዱን ጸጉር ይላጭበታል። ከዚያ ዋጋ ይጠይቃል። መታጠፊያውን የሚሞክር ሰው እስከዛሬ አላየሁም። ልጆቼ፣ ሰው ባልሞከረው ላይ ግማሽ ቀን ብውል ማን ይከፍለኛል?»

ከሰማነው ሁሉ ይህ ንግግር ከአእምሯችን አልወጣም። ስለቱ ግሩም የሆነው ሠሪው ስለሚችል ብቻ ሳይሆን ገዢው ሁልጊዜ ስለሚፈትነው ነው። መታጠፊያው ደካማ የሆነው ሠሪው ስለማይችል አልነበረም። የፋብሪካውም ሰንጢ በዚህ ረገድ አይሻልም፤ ጠርሙሱን ስናንጠለጥልበት 0.7 ኪሎ ግራም ላይ ታጠፈ።

ጋሼ ሁለተኛ ሰንጢ ሊሠሩልን ተስማሙ። እኛ ያቀረብነው ሐሳብ የኩሽኔታ ሮለር በምስማሩ ፋንታ እንዲገባ ነበር፤ ጠጣርና ልኩ የተስተካከለ ነውና። ጋሼ አንዱን ሮለር አንስተው በመዶሻ መቱት፤ ከጫፉ ተሸረፈ። መታጠፊያ ምስማር ሁለቱ ጫፎቹ ተቀጥቅጠው ራስ ማውጣት አለባቸው፤ ጠጣር ብረት ደግሞ ራስ አያወጣም። በወረቀት ላይ ያማረው ሐሳባችን በአንድ ምት አለቀ።

መፍትሔውን ያመጡት እሳቸው ናቸው። ከአሮጌ የሞተር ብስክሌት ሰንሰለት ውስጥ ትንሽ ቱቦ አወጡ። የሰንሰለት ቱቦ መበላትን እንዲቋቋም ጠጥሮ የተሠራ ነው። በድንጋይ ፈጭተው ርዝመቱን ከስለቱ ውፍረት በጸጉር ያህል አስበለጡት። የስለቱን ቀዳዳም ከመጠጠሩ በፊት በቱቦው ልክ በትራፓኖ በሱት። ስለቱ በጠጣሩ ቱቦ ላይ ይዞራል፤ ለስላሳው ምስማር ደግሞ በቱቦው ውስጥ አልፎ ይቀጠቀጣል። ቱቦው ከስለቱ ትንሽ ስለሚረዝም ምስማሩ የቱንም ያህል ቢቀጠቀጥ ስለቱን አያጣብቀውም። የጀርባውም ሞላ ከቀድሞው በ1 ሚሊ ሜትር እንዲወፍር ተደረገ።

ሁለተኛው ሰንጢ በ1.6 ኪሎ ግራም ታጠፈ፤ ከ500 መክፈትና መዝጋት በኋላ 1.5 ኪሎ ግራም ቻለ፤ ወደ ጎን አልተወዛወዘም። ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ የተገኘ አይደለም። ስለቱን ለመክፈት ጥፍር የሚገባበት ጭረት ከመታጠፊያው 3 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ፣ ቀድሞ ወደ 2.1 ኪሎ ግራም የነበረው የጥፍር ጉልበት 3.7 ኪሎ ግራም ደረሰ። ከዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች አንዷ በጥፍሯ ልትከፍተው ሞክራ አቃታት፤ በጣቶቿ ቆንጥጣ ነው የከፈተችው። ሥራውም ለጋሼ ግማሽ ቀን ጨምሮባቸዋል።

ወፍራም ሞላም ቢሆን ቁልፍ አይሆንም። በፈረንሳይ ሳቮይ ግዛት ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 ሰንጢ መሥራት ሲጀምር የእሱም ስለት ያለ ቁልፍ የሚታጠፍ ነበር፤ በአንገቱ ላይ የምትዞረዋ መቆለፊያ ቀለበት የተጨመረችው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው። ቀለበቷ ከጎኗ የተሰነጠቀች ቁራጭ ቱቦ ናት፤ ስትዞር የስለቱን መውረጃ ትዘጋለች። ሥዕሏን ለጋሼ አሳየናቸው። ለረዥም ጊዜ ተመለከቱና በልኩ የሚሆን ቱቦ ከብስክሌት ፍሬም ሊገኝ እንደሚችል ተናገሩ።

ባለፈው ሳምንት ስንሄድ ቱቦው ገና አልተገኘም። ሞርሳቸው አጠገብ ግን ባለ አንድ ሊትር ተኩል የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ተሞልቶ በሽቦ ተንጠልጥሏል። አንድ ደንበኛ ምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው ጋሼ መልስ ሳይሰጡ ሰንጢውን በሞርሳው አሰሩና ጠርሙሱን ሰቀሉበት።